ኑሪና ሦስቱ ጠርሙሶች

የኑሪን መሞት የሰማሁት ጥርሴን ላስነቅል ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ነው። የደወለችልኝ ትዕግስት ናት። እንደ ሁልጊዜው የልጇን ነገር ልታጫውተኝ መስሎኝ ባበጠ ጉንጬ «እህ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት። «አባባ ዘለቀ፣ ጋሽ ኑሪ እኮ አረፈ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የጥርሱ ሕመም የት እንደገባ አላውቅም። ወረፋዬን ከኋላዬ ለነበሩት ሴትዮ ለቅቄ ወጣሁ።

ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። የሙስሊም ቀብር አይቆይም፤ ታክሲ ቀያይሬ ስደርስ ሰዉ ከመቃብር ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ፣ ከስልጤ አገር የመጡ ዘመዱ ናቸው፣ «እርስዎ የሟች ምኑ ነዎት?» ብለው ጠየቁኝ። «አብሬው እሠራ ነበር» አልኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

ቤቴ ስገባ ይቺ መልስ አነሰችብኝ። ከሰው ጋር አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ «አብሬው እሠራ ነበር» ብሎ መነሳት ምን ይባላል? እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እስክሪብቶ ስይዝ ጣቴ ይከብደኛል። ቢሆንም ለእኚያ ሽማግሌ ሳልነግራቸው የቀረሁትን እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ላስፍረው።

ሙያዬ ጎሚስታ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ቃሊቲ መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ ስፈታ፣ ስለጥፍ፣ ስነፋ ኖሬአለሁ። ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ነው አቃቂ በሰቃ ከኑሪ ብስክሌት መጠገኛ የገባሁት። በዕድሜ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል። «ጋሽ ዘለቀ፣ እዚህ ቤት ከባዱ ነገር ሰዉ ነው፤ ብስክሌቱ ቀላል ነው» ብሎ ተቀበለኝ። በወጣትነቱ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ይወዳደር ነበር፤ ፋብሪካው ቡድኑን ሲበትነው መፍቻውን ይዞ ወጥቶ ሱቅ ከፈተ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደ ፊት ጎብጦ የቀረ ሰው ነው። በእግሩ ሲሄድ እንኳ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ይመስላል።

ቸርኬ ሲያሽከረክር አያይም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰማል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ዓይን ያዳላል፣ ጋሼ» አለኝ። «ብስክሌቱ አዲስ ከሆነ ጤነኛ ነው ይለኛል፤ አሮጌ ከሆነ በሽተኛ ነው ይለኛል። ጆሮ የማንንም ቀለም አያውቅም።»

አንድ ሌላ ነገር ነበረው፤ ደንበኛን የሚያናድድ። ሰው መጥቶ «ጋሽ ኑሪ፣ ጥሩ ጎማ የቱ ነው?» ሲለው፣ «ለየትኛው መንገድ?» ብሎ ይጠይቃል።

«ኧረ ዝም ብሎ ጥሩ ጎማ!»

«ዝም ብሎ መንገድ አሳየኝና ዝም ብሎ ጥሩ ጎማ እሰጥሃለሁ።»

አንዳንዱ ተሳድቦ ይሄዳል። አብዛኛው ይመለሳል።

ትዕግስትን ያወቅናት በዚህ ሱቅ ነው። ክር ፋብሪካ በሽፍት የምትሠራ፣ ሃያ ሦስት ወይ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከሥራ በወጣች ቁጥር ብስክሌት ላይ ናት። እግሯ ጠንካራ፣ ምላሷም እንደዚያው። በዚያን ዓመት ውድድር ላይ ሁለት ጊዜ ጎማዋ ተወግቶ መንገድ ላይ ቀርታለች። በሁለተኛው ጊዜ ከፊት ሆና እየመራች ነበር። የቀራት አንድ ውድድር ነው፤ ከቃሊቲ ተነስቶ ደብረ ዘይት ደርሶ የሚመለስ። አንድ ትልቅ ቡድን ከዚያ ውድድር እስከ ሦስተኛ የወጡትን ሴቶች ሊቀጥር ነው ተባለ። ከተቀጠረች ሥራዋ ብስክሌት መንዳት ይሆናል። ካልተቀጠረች ደግሞ ፋብሪካው የማታ ሽፍት ላይ መድቧታልና ልምምዱ በዚያው ያበቃል። ይህን እያንዳንዳችን እናውቅ ነበር። እሷም በየቀኑ ታስታውሰን ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው አንድ አገሩ የሚመለስ ፈረንጅ፣ ከእሷ ጋር አልፎ አልፎ የሚነዳ፣ ሁለት ቸርኬ ከነጎማቸው የሰጣት። አንድ አሮጌ ትርፍ ጎማም ጨምሮላታል። ጎማዎቹ ቱብለስ ናቸው፤ ውስጣቸው ካላማዳሪያ፣ ያ አየር የሚነፋበት የውስጥ ጎማ፣ የለም። እንደ መኪናው ጎማ ጠርዙ ራሱ ከቸርኬው ጋር ይጣበቅና አየር ይይዛል። የመኪናውን ቱብለስ እኔም አውቀዋለሁ፤ የዚህ ልዩነቱ ውስጡ ወተት የሚመስል ፈሳሽ መጨመሩ ነው። ጎማው ሲወጋ ፈሳሹ ከአየሩ ጋር ወደ ቀዳዳው ይሮጥና እዚያው ረግቶ ይደፍነዋል። ነጂው መውረድ የለበትም። ሁለት ጊዜ ተወግታ ለቀረች ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ፈረንጁ ፈሳሹንም ሰጥቷታል። ግን ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም ተጀምረው የተረፉ ጠርሙሶች። የትኛው ይሻላል ብትለው «ሁሉም ጥሩ ነው» ብሏት ሄደ። ሱቃችን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ፣

«ጋሽ ኑሪ፣ የቱን ላድርግ?» አለችው።

ምን እንደሚመልስ አውቄ ሳቄ መጣ።

«ለየትኛው መንገድ?»

«ደብረ ዘይት ነዋ! አታውቀውም እንዴ?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ። መንገዱ ላይ ያለውን ግን አላውቅም» አላት።

ቀልድ መስሎን ነበር። በማግስቱ ጠዋት ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዞ ወጣ። ከአቃቂ ድልድይ እስከ ገላን በአስፋልቱ ዳር፣ ብስክሌተኛ በሚሄድባት ጠባብ ቦታ ላይ፣ ጎንበስ ቀና እያለ በእግሩ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዱከም ድረስ በሚኒባስ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ። ጎማ ሊወጋ የሚችል ያገኘውን ሁሉ ይለቅማል። ጎረቤታችን በያጁ ግርማ በሩ ላይ ሆኖ፣

«ኑሪ! ቆራሌው ሆንክ እንዴ? እኔ ጋ ብዙ ብረት አለ፣ ጎራ በል!» እያለ አሾፈበት።

«ያንተ ብረት መንገዱ ላይ ከወደቀ እለቅመዋለሁ፤ ካልወደቀ አንተው አበያይደው!» አለው ኑሪ፣ ሳይቆም።

ጣሳውን ጋዜጣ ላይ ገለበጥነው። እኔ የምጠብቀው ሚስማርና የግራር እሾህ ነበር። ሚስማር ጥቂት ነው፤ እሾህም ጥቂት ነው፤ ጠርሙስ ስባሪም አለ። የቀረው በሙሉ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ቁራጭ፣ የዛገ ሽቦ ነው። ያን ጊዜ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ገና ይሠራ ነበርና ድንጋይና አሸዋ የጫኑ ሲኖትራኮች አሮጌውን መንገድ ሞልተውታል። ሽቦውን እኔ ወዲያው አወቅኩት። የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳና ሲበጣጠስ ከሆዱ የሚወጣው ነው። ስንት ዓመት እጄን ወግቶኛል።

«ይኸው» አለኝ ኑሪ። «የሚወጋን ይሄ ነው። ምን እንደሚወጋን ሳናውቅ በምን እንደምንደፍን እንዴት እንመርጣለን?»

ያ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ የተወጋ ጎማ ስጠግን መንገዱን ሄጄ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ሙከራው ተጀመረ። አሮጌውን ትርፍ ጎማ አንዱ ቸርኬ ላይ እናስገባለን፤ ፈሳሹን እንጨምራለን፤ በግርማ ኮምፕሬሰር እንነፋለን። የአየር መለኪያው መቶ ላይ ሲደርስ፣ ትዕግስት ሁልጊዜ የምትነዳው በመቶ ነው፣ ኑሪ ከጣሳው አንድ ሽቦ መርጦ በጉጠት ይወጋዋል፤ ይነቅለዋል፤ ያሽከረክረዋል። እኔ ዙር እቆጥራለሁ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ፉጨቱ የሚቆምበትን ይሰማል፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። አንዱን ፈሳሽ ስንጨርስ ጎማውን አጥበን፣ አድርቀን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን።

ስማቸው በፈረንጅ ፊደል ስለተጻፈና ማንበብ ስለማልችል ጠርሙሶቹን እኔው ስም አወጣሁላቸው። የመጀመሪያው ቀጭኑ ነው፤ እንደ ውሃ የላላ። ሽቦው ሲነቀል ከቀዳዳው እንደ ፏፏቴ ወጣና የግርማን ሸሚዝ ከአንገት እስከ ሆድ ሸፈነው። የዘጋው አየሩ ከግማሽ በታች ከወረደ በኋላ ነው። «ይሄ እንኳን ጎማ ሊደፍን እኔን አጠበኝ!» አለ ግርማ። ሁለተኛው ወፍራሙ ነው፤ እንደ አጥሚት። ውስጡ የጎማ ፍርፋሪ አለበትና በቫልቩ በኩል አይገባም፤ ጎማውን ከፈት አድርጎ መጨመር ግድ ነው። መቶ ላይ ይዘጋና ትንሽ ቆይቶ ድፋኑን መልሶ ይተፋዋል። ሦስተኛው ሸታታው ነው፤ ሲከፈት ዓይን ያስለቅሳል። እሱ ግን የሽቦዋን ቀዳዳ መቶ ላይ በሁለተኛው ዙር ዝም አሰኛት። ደግመን ወጋነው፤ ዝም። አሥር ጊዜ ወጋነው፤ አሥር ጊዜ ዝም። ጉድለቱ ቶሎ መድረቁ ነው፤ በእኛ ደረቅ አየር ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጎማው ውስጥ ቆዳ ሆኖ ቀረ።

ኑሪ ደብተሩን ዘጋ። «ሸታታው ነው። ለሌላ መንገድ ሌላ እል ነበር። ለዚህ መንገድ፣ ለዚህ ሽቦ፣ ሸታታው ነው። ቅዳሜ አፍስሰን እሁድ ትነጂበታለሽ» አላት።

እሱ ነው ካለ እሱ ነው። ትዕግስት አቅፋ ሳመችው።

በሙከራ ብዛት ግን ሸታታው ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ ለሁለቱ ጎማ ልክ የምትበቃ፣ አንድ ጠብታም የማትተርፍ ቀርታለች። በዚያን ጊዜ ፒያሳና መርካቶ ጠይቀን የሚሸጥ አላገኘንም።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት መናገር አለብኝ። ጎሚስታ ቤት ግማሽ የቀረ ቆርቆሮ አይቀመጥም። የማስቲሽ ትራፊ ካለ በሌላው ማስቲሽ ላይ ይገለበጣል፤ ማስቲሽ ማስቲሽ ነው። እኔ በዚህ ነው ያደግሁት፤ እጄ ሳይጠይቀኝ ያደርገዋል። አርብ ዕለት፣ ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኑሪ ለሶላት እንደወጣ ጠረጴዛውን ላስተካክል ተነሳሁ። ሸታታው ትንሽ መሆኑን አየሁ። ቀጭኑ አጠገቡ ቆሟል፤ ያም ወተት፣ ይህም ወተት። ለልጅቷ እንዲበቃት ብዬ የቀጭኑን ትራፊ ሸታታው ላይ ገለበጥኩት። ደስም ብሎኝ ነበር።

ጠረጴዛውን ጠርጌ ስመለስ ጠርሙሱን ወዝወዝ አደረግሁት። ውስጡ የሆነ ነገር ጓ ጓ አለ። ወደ ብርሃን አነሳሁት። አይብ ሆኗል። እብጥ እብጥ ያለ ነጭ አይብ፣ ከሥሩ ውሃ አቁሮ።

ቁጭ አልኩ። ኑሪ ሲመጣ ምንም ሳልል ጠርሙሱን ባስቀምጠውስ? ራሱ ተበላሸ ቢባልስ? ነገሩ አሮጌ ነው፤ ማን ያውቃል? ይህን አላሰብኩም ብል መዋሸት ይሆናል። ዕድሜዬ ስልሳ ሊደፍን ነው፤ በዚህ ዕድሜ መባረርም መዋረድም ይከብዳል። ከዚያ ደግሞ ልጅቷ ታየችኝ፣ ብስክሌቷን ተሸክማ በአስፋልት ዳር ስትመለስ።

ኑሪ ጫማውን በር ላይ ሳያራግፍ ነው የነገርኩት።

ጠርሙሱን ተቀበለኝ። ከአይቡ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ በጣቱ አሸው።

«ከየቱ ጋር ነው?»

«ከቀጭኑ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አንተ እንደወጣህ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ደብተሩን አወጣና ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝ፦ «ሸታታው ከቀጭኑ ጋር አይስማማም። አንድ ሰዓት ሳይሞላው አይብ ይሆናል። ሙከራውን ያደረገው ዘለቀ።»

እንደ መሳቅም፣ እንደ ማልቀስም አደረገኝ። «ኑሪ፣ አትቀልድ። ልጅቷን ገደልኳት» አልኩት።

«አልቀለድኩም፣ ጋሼ። የማናውቀው ነበር፤ አወቅን። ይልቅ ስትመጣ እኔ ልንገራት።»

ትዕግስት ከሥራ ወጥታ በአሥር ሰዓት መጣች። ኑሪ «ሸታታውን አበላሸነው» አላት። «አበላሸነው» ነው ያለው። እኔ አላስቻለኝም፤ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አልኩ።

«አባባ!» አለች። እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ከዚያ ጮኸች። «ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ ሽቦ ስትለቅሙ፣ ዙር ስትቆጥሩ ከርማችሁ ሁለት ቀን ሲቀረው! እሺ በቃ፣ ካላማዳሪያ አስገቡልኝና እንደ ልማዴ ተወግቼ ልምጣ! አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ማስቲሽዎን ይዘው መንገድ ላይ ይጠብቁኝ!»

ልክ ናት። አንገቴን ደፋሁ።

ኑሪ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ ደብተሩን ገልጦ ያነብ ጀመር። አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ። በመጨረሻ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣

«እኔም ተሳስቻለሁ» አለ።

«ደግሞ አንተ ምን አደረግክ?» አለችው፣ ገና ቁጣዋ ሳይወርድ።

«መንገዱን ጠይቄ አየሩን አልጠየቅኩም። ሦስቱንም በመቶ ብቻ ነው የፈተንኳቸው፤ አንቺ በመቶ ስለምትነጂ። ለምንድነው በመቶ የምትነጂው?»

«ጠንካራ ጎማ ይፈጥናላ! ሁሉም በመቶ ነው የሚነዳው።»

«ሁሉም ካላማዳሪያ ነው ያለው። ካላማዳሪያ ላልቶ ጉድጓድ ሲመታ በቸርኬውና በመንገዱ መሃል ተቆንጥጦ ይቀደዳል። አንቺ ጋ የሚቆነጠጥ ነገር የለም። አየር መቀነስ ትችያለሽ። ግፊቱ ከቀነሰ ወፍራሙ ድፋኑን ላይተፋው ይችላል። ነገ ከሽፍት ስትወጪ ነይ።»

ቅዳሜ ጠዋት ወፍራሙን ለብቻው ፈተንነው። ዘጠና ላይ ተፋ። ሰማንያ ላይ አንዱን ያዘ፣ አንዱን ተፋ። ሰባ ላይ ወጋነው፤ በአራተኛው ዙር ፉጨቱ ቆመ። ጠበቅን። ሻይ ጠጣን። ግርማ መጥቶ ጆሮውን ለጥፎ «ሞቷል» አለ። አልተፋም። እንደገና ወጋነው። ሰባት ጊዜ ወጋነው፤ ሰባቱንም ያዘ። ስምንተኛውን ልንወጋ ስንል ትዕግስት መጣች።

ኑሪ ወፍራሙን በሁለቱ ጎማዎቿ ጨምሮ ሰባ ላይ ነፋውና «ገላን ደርሰሽ ተመለሽ» አላት። ፊቷን አጥቁራ ሄደች። ስትመለስ ከኮርቻው ሳትወርድ እጇን እየዘረጋችና እየጨበጠች ታየዋለች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ። ከትናንት ወዲህ ያናገርኳት ያን ጊዜ ነው።

«እጄ አልደነዘዘም» አለች። «ሁልጊዜ ገላን ስደርስ ይደነዝዘኝ ነበር። መንገዱ ጠፋብኝ፣ አባባ፤ የተቆፋፈረው ሁሉ የት ሄደ?»

«ሽቅብ ስትወጪ ከብዶሻል?» አላት ኑሪ።

«ትንሽ። ሻካራው ላይ ግን ይሄዳል።»

«እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። ሸታታውን አሥር ጊዜ ፈትኜዋለሁ። ይሄን ሰባት ጊዜ። ሦስት ጊዜ ያነሰ ነው የማውቀው። ለመረጃ እንዲሆንሽ ነው። እኔ ብሆን ግን እነዳበታለሁ።»

እሷም ለአፍታ ጎማዋን አየችና «እነዳበታለሁ» አለች።

እሁድ ጠዋት እኔና ኑሪ ትርፍ ቸርኬ ይዘን ገላን መንገድ ዳር ቆምን። ሲሄዱ አለፉን፤ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። ሲመለሱ አምስት ሆነው መጡ። ትዕግስት አራተኛ ላይ ናት። ገና ሳይደርሱ ኑሪ ክንዴን ያዘኝ።

«ተወግታለች» አለኝ።

አየሁ። ከኋላ ጎማዋ ነጭ ነገር እየተረጨ ጀርባዋ ላይ መስመር ሠርቷል። አጠገባችን ስታልፍ በያንዳንዱ ዙር ፊሽ፣ ፊሽ፣ ፊሽ ይላል። ወደ እኛ ዞር አላለችም። ጎንበስ ብላ መንዳቷን ቀጠለች። እኔ ቸርኬውን ይዤ ልሮጥ ስል ኑሪ አልለቀቀኝም። እሷን አያይም፤ ፊቱን ከመንገዱ ወደ ሜዳው አዙሯል።

«ፊሽ» አለ። «ፊሽ።» ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ክንዴን ለቀቀና «ተዘጋ» አለኝ።

እኔ የጎማውን ድምፅ መስማት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። 

ከቃሊቲ የደወለችው ራሷ ናት። ስልኩን ኑሪ ነው ያነሳው፤ ጩኸቷ ግን እኔም ጋ ደረሰ። «ሦስተኛ! ጋሽ ኑሪ፣ ሦስተኛ! ስሜን ጻፉት!»

ኑሪ «ጎማውን እንዳትነኪው፣ ሰኞ አምጪልኝ» አላትና ስልኩን ዘጋ። እንኳን ደስ ያለሽ ማለቱን የረሳው በኋላ ነው ትዝ ያለው፤ መልሶ ደወለ።

ሰኞ ጠዋት የኋላውን ጎማ አውልቀን ገለበጥነው። ኑሪ ባትሪ እያበራ ውስጡን በጣቱ ዳበሰ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ትንሽ ሄዶ ሌላ ቦታ ላይ ቆመ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ሦስተኛ። የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት የጎማ እብጠቶች።

«ስንት ጊዜ ተወጋሽ?» አላት።

«አንዴ ነዋ። ጀርባዬን አላየኸውም?»

«ሦስት ጊዜ ነው» አላት።

ጎማውን ከእጁ ነጥቃ አየችው። አንዱን ዳበሰች፤ ሌላውን ዳበሰች። ከዚያ ወደ እኔ መጣችና ግንባሬን ሳመችኝ። ወዲያው ወደ አዲሱ ቡድኗ ልትመዘገብ ሄደች።

ብቻችንን ስንሆን ልቤ ቀለል ብሎኝ «ታዲያ ኑሪ፣ ያ ጥፋቴ ለደግ ሆነ ማለት ነው?» አልኩት። እንዲያጽናናኝ ፈልጌ ነው።

ኑሪ ነገር ለማስዋብ የማይመች ሰው ነበር። «አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ። «ሸታታውን ብናፈስ አንደኛ ትወጣ ነበር ይሆናል። ወይም መንገድ ላይ ትቀር ነበር ይሆናል። አናውቀውም። ጥፋቱ ጥፋት ነው። እርስዎ ግን አርብ ቀን ነገሩኝ። ቅዳሜ ማታ ቢነግሩኝ ኖሮ ሰባ ላይ የምፈትንበት ጊዜ ከየት አመጣ ነበር? ባይነግሩኝማ አይቡን ይዛ ነበር የምትሄደው።»

 ጎማውን አጥቤ ለማድረቅ ሰቀልኩት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ዕለት የትዕግስት አዲሱ ቡድን ሰዎች ስድስት ቸርኬ ጭነው መጡ። ፈሳሹን ራሳቸው ናቸው ከውጭ ያስመጡት፤ ወፍራም ነው፣ ያልተከፈተ ትልቅ ጠርሙስ። ሰዎቹ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። እኔ መጥረጊያዬን አንስቼ ወደ ጓሮ ልወጣ ስል ኑሪ ጠራኝ። ጠርሙሱን አንስቶ በሁለት እጄ አስያዘኝ።

«ያፍስሱ» አለኝ።

«አንተ ቁመህ እይልኛ።»

«እኔ ሻይ ልጠጣ ነው» አለና ጫማውን አድርጎ ወጣ። በመስኮት ተከተልኩት፤ መንገዱን ተሻግሮ ሻይ ቤቷ በረንዳ ላይ ጀርባውን ለሱቁ ሰጥቶ ተቀመጠ። ስድስቱንም ቸርኬ ፈትቼ፣ አፍስሼ፣ ነፍቼ፣ አሽከርክሬ እስክጨርስ አንድ ጊዜም ዞር ብሎ አላየም።